የባሏን ስም የማታውቅ ሴት

ጣሊያን ቡታጅራ ተቀምጦ ስላደረገብን ነገር ሰው ብዙ ያወራል። ቤት አቃጠለ ይላል፣ ከብት ነዳ ይላል፣ እውነት ነው። እኔን ግን እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ደሜን የሚያፈላው አንድ ነገር ነው፤ "ባልሽን አታውቂውም" ብሎኛል። የገዛ ባሌን! ቆጮ የምጋግርለትን፣ ከሥራ ሲመለስ እግሩን የማጥብለትን፣ ሲያንኮራፋ ጎኑን በክርኔ የምደቁሰውን ሰው አታውቂውም ተባልኩ። ይህን ያለኝ ደግሞ የሱሪውን ቁልፍ ሳይቀር ባሌ የተከለለት ሰውዬ ነው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። አንድ ክረምት እንደወጣ አርበኞች ከከተማው ወጣ ብሎ የጣሊያንን እህል የጫነ ካሚዮን አቃጠሉ። የከተማው ሹም አንድ ካፒቴን ነበር። እሱ ሆዬ ካሚዮኑ ሲቃጠልበት አዲስ ትእዛዝ አስነገረ። ከተማ ውስጥ የሚያድር ሰው ሁሉ የመኖሪያ ፈቃድ ያውጣ፤ የሌለው ከገበያ በኋላ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይውጣ ተባለ። ሴት ከሆነች ደግሞ ባሏ እዚያው ከተማ ሥራ ያለው መሆን አለበት፤ እሷም ቀርባ ትጠየቃለች። ለምን ቢባል፣ ሴቶች በመቀነታቸው ወሬ ቋጥረው ለአርበኛ ያደርሳሉ ብሎ ፈርቷል። እውነቱን ለመናገር ያደርሱም ነበር። እኔ ግን አላደረስኩም፤ ማን ልኮኝ! አፌ ስለማያርፍ ምስጢር የሚሰጠኝ ሰው አልነበረም።

እኔ የመስቃን ገጠር ልጅ ነኝ። የተዳርኩት ግን ለከተማ ልብስ ሰፊ ነው። ጣሊያን ሲገባ ባሌን ከነስፌት መኪናው ጦር ሰፈር አስገብቶ የወታደር ልብስ ያሰፋው ጀመር። ጠዋት ይገባል፣ ወደ ማታ ይወጣል፣ ከከተማዋ እንዳይርቅ ግን ተከልክሏል። ስለዚህ እኔ ፈቃድ ካጣሁ ነገሩ ቁርጥ ነው፤ እሱ ከተማ፣ እኔ ወንዝ ማዶ አባቴ ቤት። ትዳር ደግሞ ወዲያና ወዲህ ማዶ ሆኖ በመጯጯኽ አይሆንም። ሆዴም ገፍቶ ነበር፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። አባቷን ሳታውቅ ልትወለድብኝ ነው ብዬ ነበር ጭንቄ።

ስለ ባሌ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ፈሪ ነበር። አላህ ይዘንለትና፣ ስም ማጥፋቴ አይደለም፣ አገር ያወቀው ነው። ውሻ ከጮኸ መንገድ ይቀይራል። ሰማይ ሲያጉረመርም መደብ ላይ ይወጣና እግሩን ይሰበስባል። ዶሮ ሊያርድ ቢላዋ ሲያነሳ የሚንቀጠቀጠው እሱ ነበር እንጂ ዶሮዋ አልነበረችም። መርፌ ሲይዝ ብቻ እጁ አይንቀጠቀጥም። እንዲህ ያለ ሰው ነው ጣሊያን መሃል ሲሰፋ የሚውለው።

ተራዬ ደርሶ ቀረብኩ። ቢሮ ብለው የያዙት ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው፤ እኛ የጤፍ ማስቀመጫ ብለን የምናውቀው ጥግ ላይ ካፒቴኑ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከኋላው ግድግዳው ላይ አገጩን የቀሰረ የአንድ መላጣ ሰውዬ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ቁጣው የካፒቴኑን ቁጣ ስለሚመስል አባቱ ነው ብዬ ነበር። አስተርጓሚው ከሰሜን፣ ከባሕሩ አገር ለጣሊያን ተቀጥሮ ከእነሱ ጋር የመጣ አስካሪ ወታደር ነው። አማርኛው ደህና ነው፣ የእኛን አገር ወግ ግን ከየት ያውቀዋል?

"የባልሽ ስም ማነው?" አለኝ።

መሬት መሬት አየሁ።

በእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። የእሱን ብቻ አይደለም፣ የአማቶቿንም አትጠራም። ስም መጥራት ንቀት ነው፣ ሲብስም በባሏ ላይ ክፉ ያመጣበታል ይባላል። እንዲያውም የአንዲት ጎረቤታችን አማት ስም ከዝናብ ጋር ስለሚመሳሰልባት፣ ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ ዝናብን "ያ ከላይ የሚመጣው" ስትል ኖራለች። ባልም ቢሆን ሰው ፊት ሚስቱን በስሟ አይጠራም። የእኔው "አንቺ" ይለኛል፤ እኔ ደግሞ "እሱ" እለዋለሁ። እኛ ቤት እሱ ከተባለ እሱ ነው፣ ሌላ እሱ የለም።

"የቤቴ ሰው ነው" አልኩት።

"ስሙን ነው የተጠየቅሽው።"

"ልብስ ሰፊው።"

"ስሙን!"

"የእናቱ የመጨረሻ ልጅ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ታሾፊያለሽ? ስሙን!"

"እንግዲህ ምን ልበል! እሱው ነዋ! ይሄው እዚያኛው ክፍል መኪናውን ሲያንቀጫቅጭ የሚሰማው። ይሄ ጌታህ የታጠቀውን ሱሪ የሰፋው። ስሙንማ ከእኔ ይልቅ እናንተ ትጠሩታላችሁ፤ ጠዋት ማታ ስትጮኹበት አይደል የምትውሉት?"

ይህን ሁሉ ተናግሬ አስተርጓሚው ለካፒቴኑ ያስተላለፈለት ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነው። ጣሊያንኛ ባላውቅም እኔ ያወራሁት ሁሉ እዚያ ውስጥ እንደማይገባ ይገባኛል። "አታውቀውም" ብሎት ኖሯል። ካፒቴኑ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ትቶ ዓይኑን አጠበበና ሆዴን፣ መቀነቴን፣ እግሬን እያየ ብዙ ተናገረ።

አስተርጓሚው እንዲህ ሲል ነገረኝ፤ "ባሌ የምትለውን ሰው ስም የማታውቅ ሴት ሚስት አይደለችም። ሰላይ ናት፤ ልብስ ሰፊውን ማደናገሪያ አድርጋዋለች። ፈቃድ ተከልክለሻል። እስከሚመጣው ገበያ ከከተማ ትወጫለሽ። ከዚያ በኋላ ብትገኚ በሽፍታ ዓይን ትታያለሽ።"

በሽፍታ ዓይን የታየ ሰው ምን እንደሚሆን ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ገበያው ዳር ያለው ዋርካ ይበቃል። ከበሩ ስወጣ ግን ፍርሃቱን ንዴት በለጠው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይሄኛው ጅብ ቁርበቱ አልበቃው ብሎ ማን የማን ሚስት እንደሆነች ሊነግረን ተነሳ!

ቤት ስገባ አማቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከተከበረ ቤት የወጡ፣ ቃላቸው አጭር፣ እኔን "ምላሷ ረዘመ" እያሉ ለጎረቤት የሚያሙኝ ሴትዮ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ለቅሶው ላይ እንኳ ስማቸውን አልጠሩም፤ "ያ ሰው፣ ያ ሰው" እያሉ ነው ያለቀሱት።

"ምን አሉሽ?" አሉኝ።

"ስሙን ጥሪ አሉኝ።"

"ጠራሽው?"

"ኧረ አልጠራሁም!"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ወደ ቤት ሊገቡ ዞሩ።

"እማ፣ ተከለከልኩ እኮ! ውጪ ተባልኩ!"

"እሱ ሌላ ነገር ነው" አሉ። ከዚያ ግን ነገሩ ቀስ ብሎ ገባቸው መሰለኝ፣ መደቡ ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ።

ባሌ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሰምቶ ኖሯል።

"ምን ይሻላል?" አለኝ።

"ምን ይሻላል ትለኛለህ? ሂድና ንገረዋ! ወገቡን ስትለካው ጆሮው አጠገብህ አይደል? ሚስቴ ናት በለው!"

ትንሽ አሰበና "ሰውዬው ሲለካ ማውራት አይወድም" አለኝ።

ወላሂ በዚያን ጊዜ ዕቃ ባገኝ እወረውርበት ነበር። "አውራ ዶሮ ባገባ ኖሮ ቢያንስ ይጮኽልኝ ነበር!" አልኩት። የካፒቴኑን የተበሳ ካልሲ አነሳና መጥቀም ጀመረ። በጣም አዘንኩበት። ካፒቴኑን መፍራቱ እንዳለ ሆኖ፣ ብሄድም ግድ የማይሰጠው መሰለኝ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ይወደኝ አይወደኝ እንደሆን አስቤ አላውቅም፤ ያን ቀን አሰብኩ።

በማግስቱ ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቻችን ምን ያህል ፈጣን እንደሆኑ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ማን ቀድሞ ይናገር በሚለው ላይ ሲመካከሩ አንድ ሙሉ ቀን አለፈ። በመጨረሻ አንድ ቅል ማር ይዘው ገቡ። ኒካሄን ያሰረልኝ ሼህም አብሯቸው ነበር፤ ግን አጎቴ ነው። ካፒቴኑ ማሩን በጣቱ ቀመሰና በጣም ጥሩ ማር ነው አለ። ስለ እኔ ሲነሳ ደግሞ ዘመድ ለዘመድ ቢመሰክር አልቀበልም፣ ትውጣ አለ።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። "በጣም በአክብሮት ነው የተቀበለን" አሉን።

"ማሩን ነዋ የተቀበለው! እናንተንማ መቼ ተቀበለ?" አልኳቸው። አማቴ "ምላስሽን!" ብለው ቆነጠጡኝ፣ ግን ቁንጥጫው እንደ ሁልጊዜው አልነበረም፣ ላላ ያለ ነው።

የገበያው ቀን ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው አማቴ ጓሮ ጠሩኝ። እንሰቱ መሃል ቆመን፣ ሰው እንዳይሰማ ዞር ዞር ብለው አዩና "ጥሪው" አሉኝ።

"ምን አሉ?"

"ስሙን ጥሪው። አንዴ ብቻ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ እናቱ እኔ ነኝ፣ እኔ ፈቅጃለሁ። የልጄ ልጅ ወንዝ ማዶ አይወለድም።" ያን ያህል ዘመን ባላቸውን "ያ ሰው" ሲሉ የኖሩ ሴት ይህን ቃል ከአፋቸው ለማውጣት ምን እንደከፈሉ እኔ ነኝ የማውቀው። ያኔ ነው የወደድኳቸው፣ እውነቴን ነው።

እሳቸው ከገቡ በኋላ እዚያው ቆሜ ልለማመድ ብዬ ሞከርኩ። አፌን ከፈትኩ። ምንም። እንደገና ከፈትኩ፤ ሳል መጣልኝ። ካፒቴኑን፣ ሽማግሌዎቹን፣ መላጣውን ሰውዬ ሁሉ ስሰድብ የዋለ አፍ ለዚች አንዲት ስም ጠበበ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን፣ ከሰሜን የመጡት የቢሮው ጸሐፊ ሚስት፣ ልብስ እያሰጡ ሲያዩኝ ቆይተው ኖሯል።

"ውይ እቴ፣ አንዴ ብትጠሪው ምላስሽ አይቆረጥም!" አሉኝ።

"እርስዎ ባለቤትዎን ማን ብለው ይጠራሉ?" አልኳቸው።

"እኔማ 'ጌታው' እላለሁ።"

"ስማቸውንስ?"

"ኤዲያ! ምን ቆርጦኝ!" አሉና የራሳቸው መልስ ለራሳቸው ገረማቸው። አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም! የእኛዋ አትጠራም፣ የስልጤዋ አትጠራም፣ የሰሜኗም አትጠራም። ስም ባለመጥራት ሰላይ የሚኮን ከሆነ ከተማው ውስጥ ያለች ሚስት ሁሉ ሰላይ ናት። ታዲያ ሁላችንንም ያባርረንና ካልሲውን ራሱ ይጠቅም!

በገበያው ቀን በማለዳ ቢሮው ደጅ ሄድኩ። አስተርጓሚው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውላል።

"ዕቃሽን አልሸከፍሽም?" አለኝ።

"ወንድሜ፣ እናትህ በሕይወት አሉ?"

ያልጠበቀው ጥያቄ ነው። "አለች" አለ።

"አባትህን ማን ብለው ነው የሚጠሩት?"

"ምን ማለትሽ ነው?" አለና ሊቆጣ ሲል አቋረጠ። ጨርቁን ይዞ ቀረ። ቀስ ብሎ "'የልጄ አባት' ነው የምትለው" አለ።

"ስማቸውን ሲጠሩ ሰምተህ ታውቃለህ?"

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ጆሮው ቀላ። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።

"አንተስ ነግሬህ መቼ ሰማህ? በል አሁን ለጌታህ በደንብ ንገረው። እኔን ካላመነ ገበያው ሙሉ ሚስት ነው፣ የፈለጋትን አስጠርቶ ይጠይቅ። አንዷ እንኳ ከጠራች እኔ በእግሬ እወጣለሁ።"

ይህን ስል አንዷ ቀዥቃዣ ብትጠራ እንደሚያልቅልኝ አውቃለሁ። አስተርጓሚው ግን ገባና ብዙ አወራ። በዚህኛው ጊዜ የእኔን ያህል አወራ። ካፒቴኑ ሥራ ፈትቶ ነበር መሰለኝ፣ ወንበሩን ደጅ አስወጥቶ ተቀመጠ። ሰው ተሰበሰበ፣ አማቴም መጡ። ገበያተኛ ጉድ ካለ በርበሬውን ጥሎ ይመጣል።

መጀመሪያ የቀረበችው ጣሊያን ራሱ የሾመው ባላባት ሚስት ናት፣ ጃንጥላ አስይዛ።

"የባልሽ ስም ማነው?"

"አንተ የሾምከው" አለች።

"ስሙ?"

"እዚህ ደረቱ ላይ ያቺን ብረት የለጠፍክለት።"

"ስሙን!"

"ልጠራው? ምን በወጣኝ!" ብላ ጃንጥላዋን አስዞራ ሄደች።

ቀጥላ አንዲት ቅቤ ሻጭ መጣች። ጥያቄውን ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና ከዚያ ውስጥ አልወጣም አለች። የጸሐፊው ሚስት ቀርበው "ጌታው" አሉ። "የትኛው ጌታ?" ቢባሉ "ስንት ጌታ አለኝ?" ብለው ተቆጡ። ከዚያ የካፒቴኑ የራሱ ወጥ ሠሪ ሚስት ተጠራች።

"ምሳህን የሚሠራልህ ነው" አለች።

ካፒቴኑ ብድግ አለ። ስሙን ካልተናገርሽ ባልሽ ከሥራ ይባረራል አስባላት።

"ይባረር!" አለች፣ "ድሮስ ያንን ትል የመሰለ ምግባችሁን ሲቀቅል እየዋለ ቤት ሲመጣ አይበላልኝም!"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ካፒቴኑ ፊቱ እንደ መስቃን በርበሬ ቀላ። በዚህ መሃል ጠላ ቤት ያላት፣ ወታደር ከደጇ የማይጠፋ አንዲት ሴት ተሰብስበው የሚስቁበትን ልታይ ብቅ አለች። ደግ ሴት ነበረች፣ አላህ ያክብራት። ካፒቴኑ እሷን ጠቆመ። "የባልሽ ስም?"

"የትኛውን?" አለች፣ በየዋህነት። "የሰኞውን ነው የማክሰኞውን?" ከዚያም ሳትጠየቅ መዘርዘር ጀመረች። ስም በስም፣ ከነማዕረጉ! ከጎን የቆመ አንድ የአስካሪ አለቃ ስሙን ሲሰማ ዛፍ ጥላ ውስጥ ገባ። የቅዳሜው ላይ ስትደርስ ካፒቴኑን አየት አድርጋ ፈገግ አለች። አስተርጓሚው እሷን አልተረጎመም።

"አየህ?" አልኩ፣ አላስችል ብሎኝ። "ስም የምትጠራው ባል የሌላት ናት!"

በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ካፒቴኑ ግን ተቀመጠና አገጩን ይዞ ማሰብ ጀመረ፤ ያ ሰው ሲያስብ ደግሞ የሚመጣው ጣጣ ነው። ጥቂት ቆይቶ ተናገረ፣ አስተርጓሚውም እያየኝ፣ እያዘነልኝ አስተላለፈው። "ሚስቶች ስም እንደማይጠሩ ገብቶኛል፣ ተሳስቻለሁ። ግን ዝም ማለት ለሰላይም አይከብዳትም። ዝም ስላልሽ ብቻ ሚስት ነሽ አልልም። ሰውዬውን ጥሩት።"

ባሌን አመጡት። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፣ ሸሚዙ ላይ መርፌ ተሰክቷል። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ወደ ኋላ ሊመለስ ዳድቶት ነበር፤ ወታደሩ ገፋው። ከእኔ ትንሽ ራቅ አድርገው አቆሙት። ቀና ብሎም አላየኝ።

አስተርጓሚው እንዲህ አለው፤ "ይህቺ ሴት ሚስቴ ናት ካልክ ፈቃድ ይሰጣታል። ነገር ግን አንድ ቀን ሰላይ ሆና ብትገኝ አንተም አብረሃት ትሰቀላለህ። አላውቃትም ካልክ ደግሞ ትወጣለች፤ አንተ ሥራህን ትቀጥላለህ፣ ማንም አይነካህም። አስበህ ተናገር።"

ባሌ ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ውሻ ፈርቶ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው። የዋርካው ቅርንጫፍ ከቆመበት ይታየዋል፣ ዓይኑም ወደዚያ ሄዶ ነበር። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። አልፈረድኩበትም፤ እንዲያውም በዚያች ቅጽበት አሳዘነኝ። ምን ምን ይዤ እንደምወጣ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሚስቴ ናት" አለ።

"ጮክ በል!" አለው ካፒቴኑ።

"ሚስቴ ናት! ከሷ በቀር ማን እንዲህ ይሰድበኛል? ስቀለኝ ካልክም ስቀለኝ፣ ግን የእሑድ ሱሪህ ገና አልተዘመዘመም።"

ሊያስቅ ብሎ አልነበረም፣ ከፍርሃቱ የተነሳ የቀረችበትን ሥራ ማስታወቁ ነው። አስተርጓሚው ሲተረጉም ግን ካፒቴኑ ራሱ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ የመጨረሻ ነገር ጠየቀ፤ "እሷ ያንተን ስም አትጠራም፣ ይሁን። አንተ ግን ወንድ ነህ። የሷን ታውቀዋለህ?"

ደነገጥኩ። ስዳር አማቴ ቤት ሌላ ስም ወጥቶልኛል፤ ሙሽራ ስትገባ እንዲህ ነው ወጉ። ጎረቤቱም አማቴም የሚጠሩኝ በዚያ ነው። አባቴ ያወጣልኝን ስም ግን ከሠርጌ ቀን ወዲህ የጠራኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የተጠየቅሁ ቀን እኔ ያስመዘገብኩት ደግሞ ያንን የአባቴን ስም ነው። ባሌ ሰምቶት የሚያውቅም አልመሰለኝም። ነግሬው አላውቅም፣ ጠይቆኝም አያውቅም፤ አንቺ እያለኝ ነው የኖረው።

ዓይኑን ጨፈነ። ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ በሁለት እጁ ጨበጠው። ከዚያም የአባቴ ቤት ስሜን ጠራው። የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ጨምሮ፣ እናቱ እየሰሙት፣ ገበያው ሙሉ ሰው እየሰማው፣ በዚያ ዶሮ በሚያባርርበት ቀጭን ድምፅ ጮኾ ጠራው። ለካ ኒካሁ ሲታሰር አንዴ የሰማውን እስከዚያ ቀን ይዞት ኖሯል።

ወረቀቱ ላይ ማኅተም ሲመታ አላየሁም። ማን እንደተቀበለውም አላውቅም፣ አማቴ ናቸው መሰለኝ። እኔ ቆሜ ነበር። ስሜ እንዲያ እንደሚያምር አላውቅም ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነን። ሰው እንኳን ደስ አላችሁ ይለናል፣ ከእኔ አፍ ግን አንዲት ቃል አልወጣም። ስድብ የለ፣ ቀልድ የለ፣ ምንም። እሱ ይህን ዝምታዬን አያውቀውም፣ አስጨነቀው። ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ። በመጨረሻ ቆመና እግሩን እያየ ጠየቀኝ።

"ስምሽን ሰው ፊት ስለጠራሁ ተቀየምሽኝ እንዴ?"

መንገድ መሃል ቆሜ፣ ገበያተኛው እያየኝ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ።